ቀለሙ እየተላጠ ያስቸገረኝ የመኝታ ቤት ግድግዳ

አፓርታማውን ሳድስ ቀናት የበላብኝ ይሄ ነው፦ ከሻወሩ ጋር የሚዋሰነው የመኝታ ቤት ግድግዳ ከታች በኩል ያብጥና ቀለሙ ይላጣል።

ተፍቆ ስቱኮና ቀለም ተቀባ፤ ተመልሶ አበጠ። ሻጋታ የሚከላከል ቀለምም አልረዳም። የሻወሩን ጥግ በሲሊኮን መድፈንም ያው ነው።

ፍንጩን የሰጠኝ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቄ ለ48 ሰዓት ተውኩት። በክፍሉ በኩል ጤዛ ቢይዝ ኖሮ ችግሩ የአየር ዝውውር ነበር። የረጠበው ግን ከጀርባው ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው ማለት ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪውን አየሁ፤ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የሚያፈስ የውሃ መስመር የለም። የቀረው የሻወሩ ወለል ነው።

ሴራሚኩ ሲነሳ ከስሩ ውሃ መከላከያ የሚባል ነገር የለም! ሲሚንቶ ያለበት ውሃ መከላከያ 2 ዙር ተቀባ፣ ግድግዳውም ላይ ወጣ ብሎ። ጥጎቹ ላይ ማጠናከሪያ ጨርቅ ገባ። ሲደርቅ የፍሳሽ ቀዳዳውን ደፍነን፣ ያሰርግ እንደሆነ ለማየት ውሃ አቁረን 24 ሰዓት አቆየነው። ባለሙያው ይህችን ሙከራ ልዝለላት ቢል እሺ እንዳትሉ። ሴራሚክ ከዚያ በኋላ ነው።

የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በደንብ ሳይደርቅ አትቀቡት። ውሃ መከላከያው በሴራሚክ ከመሸፈኑ በፊትም ፎቶ አንሱት፤ ቤቱን ስትሸጡ ለገዢው የምታሳዩት ማስረጃ ይሆናል።