የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት በአንድ ጃኬት

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለቱ 600 ሜትር ያህል ያወርዳል። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር በወፍራም ጃኬት ተጠቅልዬ እወጣለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ላቡ ይጀምረኛል፤ ቀትር ላይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ለዓመታት መፍትሔው ሌላ ልብስ መግዛት ይመስለኝ ነበር። ቁምሳጥኑ ሞልቶ የምለብሰው አጣሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሁሉንም አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ወይ ለውርጭ ወይ ለሐሩር እንጂ መሃል ላይ የሚሆን ልብስ የለኝም! ወፍራሙን ጃኬት ሰፈራችን ላሉት ልብስ ሰፊ ወሰድኩላቸው። ገበሩን ፈትተው፣ ጠርዙን ቀምቅመው፣ ዙሪያውን ዚፕ አደረጉበት፤ ብቻውን እንደ ሰደርያ የሚለበስ ሆነ።

«ልጄ፣ አንዱን ጃኬት ሦስት አደረግሁልህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፦ ሁለቱ አንድ ላይ ለኅዳር ውርጭ፣ ውኃ የማያስገባው ላዩ ለክረምት ዝናብ፣ ሰደርያው ለምሽት።

ከሰልባጅ ተራ ሁለት ስስ የጥጥ ሸሚዞችና አንድ ሹራብ ጨመርኩ፤ ሁሉም ከግራጫውም ከጥቁር ሰማያዊውም ሱሪዬ ጋር ይሄዳሉ። ነጭ ጫማዬን ለወንድሜ ሰጠሁት፤ የሐምሌ ጭቃ ለነጭ አያዝንም። ጃንጥላዬን ግን አሁንም ሚኒባስ ውስጥ እረሳለሁ።