ተማሪ ይዘን አንኮበር ስንወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደብረ ብርሃን እስከ ድሮው የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለታሪክ ጉብኝት ከዚህ የተሻለ ቅርብ ቦታ አላውቅም። ችግሩ፣ ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ምንም ሳያዩ ይመለሳሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

አንደኛው ቀን ሳያጣሩ መነሣት ነው። በሰሜን ሸዋ ብዙው ቅርስ ያለው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚከፍተው ሰው ለቅሶ ከሄደ በቃ፣ አለቀ። አንድ ዓመት በወር በዓል ቀን ደረስን። ካህናቱ ቅዳሴ ላይ፣ የእኛ ልጆች በር ላይ። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ብቻውን በር አይከፍትም። ቀደም ብሎ አንድ ሰው ሄዶ አባቶችን ያነጋግር፤ ስለ ጫማ፣ ስለ ነጠላ፣ ስለ ፎቶ እዚያው ይጠይቅ። የብራና መጽሐፍ ላይ ፍላሽ ማብራት የለም፣ መንካትም የለም። ይህን ለልጆቹ አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ንገሯቸው።

ሌላው ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ አንጎለላ፣ አንኮበር፣ አልዩ አምባ! አንጎለላ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ነው፣ አንኮበር በተቃራኒው። ግማሹ ልጅ መኪና ውስጥ ሲያስመልስ ይውላል። አንድ ቦታ ይበቃል።

ጋቢ ወይም ሹራብ አለማስያዝ። ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የአንኮበርን ጉም የቀመሰ ያውቀዋል።

ትልቁ ስህተት ግን ልጆቹ ቤተ መንግሥት እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ዳገቱን በስንት መከራ ወጥተው የሚያገኙት የግንብ ቅሪትና ሎጅ ነው። «ቲቸር፣ ቤተ መንግሥቱስ?» ይሏችኋል። ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከዚያ ጫፉ ላይ አቁማችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለምን እዚህ ተቀመጡ? ዝም በሉ። አንዱ ቁልቁል ያለውን ቆላ ያያል። ሌላዋ ጠላት ከሩቅ ይታያል ትላለች። ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በዚያ ቆላ በኩል አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ እንደነበር ያን ጊዜ ንገሯቸው፤ በጆሮ ብቻ አይገባም፣ በዓይናቸው መንገዱን ይከተሉታል። ዐፄ ምኒልክ በኋላ ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ለምን ወረዱ የሚለው ጥያቄ ከራሳቸው ይመጣል።

የዘመን አቆጣጠር ነገርም አለ። ልጆቹ ያገኙትን ዓመት ሁሉ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። አንዱ «ምኒልክ በ1844 ተወለዱ» ይላል፣ ሌላው «በ1836»፣ ተመልሰን ስንመጣ ጠብ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ነሐሴ 1844 ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ 8 ነው ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር ውል የተፈራረሙት በአውሮፓውያን ኅዳር 1841 ሲሆን፣ በእኛ 1834 ነው። ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያን ታኅሣሥ መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጡ።

የመጨረሻው፣ አውቶቡሱ ግቢ ሲገባ ጉብኝቱ አለቀ ማለት። እኔ አሁን በማግስቱ ልጆቹን ወደየቤታቸው እልካለሁ፤ ከአያቶቻቸው ዘንድ አንድ አሮጌ ዕቃ ፈልገው ታሪኩን እንዲጽፉ። ባለፈው አንዱ የባና፣ ማለት የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ቁራጭ ይዞ መጣ። አያቱ የፈተሉት ነው። የበጉን መልክ ሳይቀር ጽፎታል።