ስለ ኃይል ፍሰት ስናስረዳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሥነ ሕይወት ሳስተምር በፈተና ወረቀቶች ላይ ከዓመት ዓመት የሚደጋገሙ ስህተቶች አያለሁ። ተማሪዎቹ ሳያጠኑ ቀርተው አይደለም፤ ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው የሚያልፈውን ኃይልና ኃይሉን ተሸክሞ የሚሄደውን ቁስ ለይተው ስለማያዩ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ተክል ኃይሉን ከአፈር ያገኛል ማለት ነው። የደምቢያ ገበሬ ምርቱ ሲቀንስበት «መሬቱ ደክሟል» ይላል፤ አባባሉ ለእርሻ ሥራ ትክክል ቢሆንም ተማሪው ቃል በቃል ሲወስደው ይሳሳታል። ጤፍ ከአፈር የሚወስደው ውኃን እንዲሁም እንደ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ብርሃን፣ አካሉን የሚገነባበትን ካርቦን ደግሞ ከአየር ነው። ዩሪያም ቢሆን ቅጠሉ እንዲበዛና ብዙ ብርሃን እንዲቀበል ይረዳዋል እንጂ የኃይል ምንጭ አይሆነውም። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቫን ሄልሞንት አንዲት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ላይ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ ብቻ ሲያጠጣት፣ ዛፏ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ስትጨምር አፈሩ የቀነሰው ከ60 ግራም ያነሰ ነበር። እርሱ ክብደቱ ሁሉ ከውኃ የመጣ መስሎት ተሳስቷል፤ ልኬቱ ግን ዛፍ አፈር በልቶ እንደማያድግ ያሳያል።

ሁለተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ስህተት «ኃይል በሥነ ምህዳር ውስጥ ይዞራል» የሚለው ነው። ይህንን ለማረም ከኩበት የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ላም ከበላችው ሣር መፍጨት ያልቻለችው ብዙ ስለሆነ፣ ሣሩ ከፀሐይ ከያዘው ኃይል ከፊሉ በእበቷ ውስጥ እንዳለ ይወጣል። እበቱ ተጠፍጥፎ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ምጣድ ሥር ሲነድ፣ ያ ኃይል ሙቀትና ብርሃን ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ እንጀራውን ያበስላል፣ ሁሉም በመጨረሻ ወደ አየር ይበተናል፤ ሰብስቦ ለሣሩ የሚመልሰው የለም። ምድጃው ውስጥ የሚቀረው አመድ ግን ፎስፎረስና ፖታሲየም ስላለው፣ ጓሮ ሲበተን ጎመኑ ይጠቀምበታል፤ አብዛኛው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። እርሱም ቢሆን ከከባቢ አየር ስለማይወጣ በባክቴሪያዎች አማካይነት አንድ ቀን ወደ አፈር ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የሚዞረው ንጥረ ነገሩ ነው፤ ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። እበቱ ሳይነድ መስክ ላይ ቢቀር እንኳ ጥንዚዛው፣ ፈንገሱና ባክቴሪያው ያንኑ ሥራ ቀስ ብለው ይሠሩታል። በብርዳማ ጠዋት የፍግ ቁልል በመንሽ ሲገለበጥ ከውስጡ እንፋሎት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው «ኃይሉ ጠፋ» የሚለው አነጋገር ነው። ኃይል መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ «ሙቀት ሆኖ ተበተነ» ማለት ይሻላል።

ሌላው ስህተት 10 በመቶን እንደማይሻር ሕግ መያዝ ነው። ከአንዱ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ፣ ማለትም ከተክል ወደ ሣር በል፣ ከሣር በል ወደ ሥጋ በል የሚያልፈው ኃይል በአማካይ አንድ አስረኛ ገደማ ነው ይባላል እንጂ ድርሻው እንደ ቦታውና እንደ ፍጡሩ በእጅጉ ይለያያል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሬይመንድ ሊንደማን በ1942 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ የአንዲት ትንሽ ሐይቅን ደረጃዎች ሲያሰላ እንኳ የተለያዩ ድርሻዎችን ነው ያገኘው። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ ተመልከቱ፦ መሬት ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ ሳይነሣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ከቀኑ ሰፊውን ክፍል ሲበላ ይውላል። ሣር በአንድ ጉርሻ የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ የሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ አለበት። እንደ እርሱ ያሉ አጥቢ እንስሳት ወደ ደማቸው ካስገቡት ኃይል አዲስ ሥጋ የሚያደርጉት ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ የማይጠብቀው የጣና ዓሣ ግን ከዚያ በጣም የሚበልጠውን ወደ ሥጋ ይለውጣል።

በምግብ ሰንሰለት ሥዕል ላይ የሚታየው የቀስት ስህተት አጭር ነው። ቀስት የሚያሳየው ማን ማንን እንደሚበላ ሳይሆን ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ ስለሆነ፣ ከሣር ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ቀይ ቀበሮ መሳል አለበት።

አብስባሾችን፣ ማለትም የሞተውንና የረገፈውን የሚያፈርሱትን እንደ ፈንገስና ባክቴሪያ ያሉ ፍጥረታት፣ በሰንሰለቱ ጫፍ፣ ከቀይ ቀበሮው በኋላ ብቻ ማስቀመጥም ትክክል አይደለም፤ ከየደረጃው ይወስዳሉ። እንዲያውም በብዙ ደንና ሣር ምድር ተክሎች ከሚያመርቱት የሚበዛው በሣር በል እንስሳ አይበላም፤ ደርቆና ረግፎ በቀጥታ ወደ እነርሱ ይሄዳል። በደብሮቻችን ዙሪያ ባሉት ጥንታዊ ደኖች ውስጥ ቅጠሉን በእግር ገለጥ ያደረገ ሰው ነጫጭ የፈንገስ ክሮች ከሥሩ ያያል፤ የዚያ ደን ኃይል በብዛት የሚያልፈው በእነዚያ ክሮች በኩል ነው።

የምግብ ደረጃዎችን ከተክል ጀምሮ አንዱን በሌላው ላይ ደርበን ስንስል ፒራሚድ እንለዋለን፤ «ፒራሚድ ሁሉ ከላይ ይጠባል» የሚሉም አሉ። አንድ ዋርካ ሺህ ነፍሳትን ስለሚመግብ በየደረጃው ያሉትን ፍጡራን ብዛት የሚያሳየው የቁጥር ፒራሚድ ሊገለበጥ ይችላል፤ የኃይል ፒራሚድ ግን ፈጽሞ አይገለበጥም።

በመጨረሻ፣ አንድን ፍጡር በአንድ ደረጃ ላይ ቸንክሮ ማስቀረት አይገባም። በዐቢይ ጾም ሽሮና ጎመን የሚበላ ጎንደሬ አንደኛ ደረጃ ተመጋቢ ነው፤ በፋሲካ ማግሥት የበላው ዶሮ ያደገው በእህል ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ዶሮው ፌንጣ ሲለቅም ከርሞ ከሆነ ደግሞ በከፊል ሦስተኛ ይሆናል። ስለዚህ «ሰው ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ቁጥር ከመጻፉ በፊት ሰንሰለቱን መጻፍ አለበት።