በርቀት የድህረ ምረቃ ትምህርት የሚከታተል የሰመመን ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ ባሉ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የሰመመን ባለሙያዎች ሥራቸውን ሳይለቁ ቀጣዩን ዲግሪ በርቀት ለመማር ሲነሡ ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል። አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ብቻ ባለበት ሆስፒታል አንዱ ለመደበኛ ትምህርት ቢለይ ምጥ የጠናባት እናት በሪፈር ወደ ሌላ ከተማ ልትላክ ትችላለችና፣ የርቀት ትምህርት ለእኛ አካባቢ ትልቅ ዕድል ነው። ዕድሉን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን ከዓመት ዓመት ያው ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ለሚጀምሩ ባልደረቦቼ በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የመጀመሪያው፣ ዲግሪው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ሳይለዩ መመዝገብ ነው። ንባብ፣ ምርምር፣ አመራርና የማስተማር ዘዴ በርቀት ሊሰጡ ይችላሉ፤ አስቸጋሪ የአየር መተላለፊያ ያለውን ታካሚ ማስተንፈስን የመሰለ የእጅ ሙያ ግን አጠገብ የሚቆም አሠልጣኝ ይፈልጋል። በአሜሪካ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ነርስ አንስቴቲስትነት (ሰመመን ወደሚሰጥ ነርስነት) ሥልጠና የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት መርሐ ግብር እንዲመዘገብ መደንገጉን የሰሙ አንዳንድ ወጣቶች፣ በርቀት ዶክትሬት ይዘው እዚያ መሥራት የሚችሉ ይመስላቸዋል። አይችሉም፤ ለሥራ ፈቃዱ በዚያ አገር ዕውቅና ያለው ሙሉ ሥልጠናና ብሔራዊ ፈተና ያስፈልጋል፣ በርቀት የሚሰጠው ዶክትሬትም በአብዛኛው የተዘጋጀው እዚያው ፈቃድ አግኝተው ለሚሠሩት ነው። ማንኛውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የተቋሙን ዕውቅናና የዲግሪውን አቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ያስፈልጋል።

ሰነድ ሲዘጋጅ የዘመን አቆጣጠርን መዘንጋትም ብዙዎችን ያደናቅፋል፤ በሰኔ 2009 የተመረቀ ባለሙያ በውጭ ተቋም ቅጽ ላይ 2017 ብሎ መሙላትና ልዩነቱን በማብራሪያ መግለጽ አለበት፣ በፓስፖርቱ ያለው የአያት ስም በዲግሪው ላይ ከሌለም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ታካሚ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ ትምህርት መከታተል ነው። «ስፓይናል (ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ) ሰጥቻለሁ፣ እናትየዋ ተረጋግታለች፣ ቀዶ ሕክምናውም ገና ነው» በማለት የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የተቀዳ ሌክቸር የሚሰማ ባለሙያ፣ የእናትየዋ የደም ግፊት ሊወርድ በሚችልባቸው በእነዚያው ደቂቃዎች ዓይኑን ከሞኒተሩ አንሥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ባለሙያዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት መስፈርት፣ የሠለጠነና ንቁ የሆነ ባለሙያ ሰመመኑ እስኪያበቃ ድረስ ከታካሚው እንዳይለይ ይጠይቃል። ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ሰው በአካል ቢገኝም ንቁ አይባልም። ፈተናዬ ነገ ነው፣ ኔትወርኩ የመጣው አሁን ነው፣ ረዳት ነርስ አጠገቧ አለች የሚሉ ምክንያቶችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አንዳቸውንም አልቀበልም። ያቺ እናት አደራ የሰጠችው ለነርሷ ወይም ለማሽኑ ሳይሆን ለዚያ ባለሙያ ነው።

ይህ ጥፋት የሚተወው ምልክት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ትምህርቱን ራሱን ያበላሻል። የአንዲት በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የሰመመን መዝገብ አይቼ ነበር፤ የደም ግፊቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየአምስት ደቂቃው 120/80 ተብሎ፣ በአንድ ብዕርና በአንድ ትንፋሽ ተሞልቷል። ከሥሩ ባለው የመድኃኒት መስመር ላይ ግን የወረደ የደም ግፊትን የሚያነሣው ኤፌድሪን 10 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል። ግፊቱ ካልወረደ መድኃኒቱ ለምን ተሰጠ? መዝገቡ የተሞላው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ በግምት መሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ «ከስፓይናል በኋላ የሚከሰት የደም ግፊት መውረድ» የሚል የመመረቂያ ጥናት ቢሠራ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል፣ አማካሪው በሌላ አገር ያለ ፕሮፌሰር ቢሆንም እንኳ ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ ለመማር ያሰበ ባለሙያ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ መዝገቡን በሰዓቱ፣ ያየውን ብቻ መሙላት ይልመድ።

ርእስ በመምረጥ ረገድ፣ ለኦፕሬሽን ክፍሉ አልትራሳውንድ በሌለው ሆስፒታል ተቀምጦ በአልትራሳውንድ ስለሚመራ የነርቭ ማደንዘዣ ለመጻፍ መነሣት ከንቱ ድካም ነው። በአካባቢያችን ያልተጠና ብዙ ጥያቄ አለ። ለምሳሌ በቀጠሮ ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና የሚመጣ ታካሚ ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ ይነገረዋል፣ ተራው ግን ከቀትር በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ መመሪያዎች ለጤናማ አዋቂ ቀላል ምግብ ሰመመኑ ሊሰጥ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ውሃ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳሉ። በሁዳዴ ወቅት ደግሞ ገበሬው አባት ቀድሞም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ፣ በትክክል ስንት ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን እንደሚቆዩና ከስፓይናል በኋላ ግፊታቸው እንዴት እንደሚሆን መመዝገብ ያለ አንዳች ውድ መሣሪያ የሚሠራ ጥናት ነው። ርቆ ላለው አማካሪም የኦፕሬሽን ክፍሉን ሁኔታ፣ ያሉትን መድኃኒቶችና የባለሙያውን ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፎ መላክ ብዙ አለመግባባትን ያስቀራል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይገኝ መረጃ መሰብሰብ አይፈቀድም። «የቆየ ካርድ ብቻ ነው የማየው» ማለት ከዚህ ነፃ አያወጣም።

የሰዓት አቆጣጠርም ጥንቃቄ ይሻል፤ የማስረከቢያው ጊዜ 23፡59 ዩቲሲ (በዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት) ከተባለ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ነው፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ሥራውን ከሁለት ቀን በፊት መላክ ይሻላል። የፈተናውን ሳምንትም የወሩ የተረኝነት ሠንጠረዥ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ሠንጠረዡ ከተለጠፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ሸክሙን በባልደረባ ላይ ይጥላል፣ ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ግን ተተኪ ከሌላ ሆስፒታል ማስመጣት ስለሚጠይቅ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሊጀመር ይገባዋል።