እግር የት ይረፍ? በወሎ ዳገትና ቁልቁለት ለሚሮጡ የአሯሯጥ መመሪያ

በደሴና በአካባቢዋ የሚኖር ሯጭ ሜዳ ፈልጎ ካልሄደ በስተቀር፣ ከቤቱ እንደወጣ የሚጠብቀው ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርሷ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እንዲህ ያለው መሬት ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፤ የአሯሯጥ ጉድለት ያለበትን ሰው ግን ሜዳ ላይ ከሚሮጠው ቀድሞ ጉልበቱን ወይም ቅልጥሙን ያሳምመዋል። ስለዚህ ፍጥነት ለመጨመርም ሆነ ከጉዳት ለመዳን የሚሻ ሰው፣ ከኪሎ ሜትሩና ከሰዓቱ በፊት ሊያጤነው የሚገባው እግሩ መሬት የሚነካበትን ቦታ ነው።

ብዙ ወጣት ሯጮች ለመፍጠን ሲሉ እግራቸውን ወደ ፊት አርቀው ይወረውራሉ። እግር ከሰውነት ርቆ፣ ጉልበትም ሳይታጠፍ ሲያርፍ፣ መሬቱ አካልን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሯጩም በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ፍጥነት ያጣና ያንኑ ለመመለስ እንደገና አቅም ያወጣል። ከዚህም በላይ የምድሩ ግጭት በጡንቻ ከመዋጥ ይልቅ በቀጥታ ወደ ጉልበትና ወደ ዳሌ ይወጣል። ረጅም እርምጃ መገኘት ያለበት እግርን ወደ ፊት በመዘርጋት ሳይሆን፣ መሬቱን ወደ ኋላ በደንብ በመግፋት ነው። ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ ወይስ የእግር ፊት የሚለው ክርክር ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። በተረከዛቸው የሚያርፉ ጥሩ ሯጮች ብዙ ናቸው፤ በተረከዙ የለመደ ሰው ተገድዶ በጣቶቹ መሮጥ ሲጀምር ደግሞ ሸክሙ ከጉልበት ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

የራስን አሯሯጥ ለማየት አንድ ጓደኛ ከጎን ቆሞ በስልክ ቢቀርጽዎ በቂ ነው። ቪዲዮውን አዝግመው ያጫውቱና እግርዎ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ያቁሙት፤ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ፣ ቅልጥምዎም ቀጥ ብሎ ለመቆም የተቃረበ ከሆነ ደህና ነው። ቅልጥሙ ወደ ኋላ ተጋድሞ የጫማው ሶል ፊት ለፊት የሚታይ ከሆነ ግን እርምጃዎ ከልክ በላይ ተዘርግቷል። ስልክ ባይኖር የአፈር መንገድ ራሱ ይናገራል፦ ደረቅ አቧራ ላይ ከሮጡ በኋላ ተመልሰው ዱካዎን ሲያዩ፣ የተረከዙ ቦታ በጥልቀት ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ፊት ተገፍቶ ከተከመረ እግርዎ አካልዎን እያስቆመ ነው ማለት ነው። ድምፅንም ያዳምጡ፤ አስፋልት ላይ ጧ ጧ የሚል እግር ከብዶ የሚወድቅ እግር ነው። በዚህ ሥራ ላይ «አብሽር!» እያለ ከሚያበረታታ ጓደኛ ይልቅ «ትከሻህ ወጣ፣ እግርህ ራቀ» የሚል ጓደኛ ይበልጥ ይጠቅማል።

ማረሚያው የእርምጃን ብዛት መጨመር ነው። በቀላል ሩጫ ላይ ሳሉ ቀኝ እግርዎ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት፤ 40 ጊዜ ከነካ በደቂቃ 160 ይረግጣሉ ማለት ነው። በዚህ ላይ 5 በመቶ መጨመር ለመጀመሪያው ምዕራፍ ይበቃል፤ ይኸውም በ30 ሰከንድ 42 መሆኑ ነው። ፍጥነትዎን ሳይጨምሩ እርምጃው ሲበዛ፣ እርምጃው የግድ ያጥራል፤ እግርም ወደ ሰውነት ቀርቦ ያርፋል። አንድ ደቂቃ በአዲሱ ምት፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በለመዱት አካሄድ እያፈራረቁ በሳምንት ሁለት ቀን ይለማመዱት። በደቂቃ 180 የሚለው ቁጥር በየቦታው ይነሳል፤ መነሻው ጃክ ዳንኤልስ የተባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የታላላቅ ሯጮችን እርምጃ መቁጠሩ ነው። እነዚያ ሯጮች በውድድር ፍጥነት ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ቁጥሩን በዝግታ ለሚሮጥ ጀማሪ ሕግ ማድረግ አይገባም።

የላይኛው አካል ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ዓይን 15 ወይም 20 ሜትር ወደ ፊት ይመልከት፤ ትከሻ ወደ ታች ይለቀቅ፤ ጣቶች ሳይጨበጡ ክርን ወደ ኋላ ይሳብ። አካል ወደ ፊት ማዘንበል ያለበት ከቁርጭምጭሚት እንጂ ከወገብ አይደለም፤ ከወገቡ የታጠፈ ሰው ትንፋሹን ራሱ ያፍናል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ ክንድ አያያዝ ሳይተው በ2008 እ.ኤ.አ. በበርሊን ማራቶንን በ2:03:59 መጨረሱን ማስታወስ ይገባል። የማይጎዳ ልማድን ለመንቀል መድከም አያስፈልግም፤ ድካሙ እግር ላይ ይዋል።

በእኔ እምነት ወሎ ለዚህ ትምህርት የተመቸ አገር ነው፤ ምክንያቱም ዳገት ላይ እግርን አርቆ መወርወር አስቸጋሪ ነው። መሬቱ ወደ ላይ ስለሚቀርብ እግር ቶሎ ያርፋል፣ ጉልበት ከፍ ይላል፣ መቀመጫም በሚገባ ይገፋል። ስለሆነም አዲሱን አሯሯጥ በዳገት መጀመር ይሻላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በዝግታ ሮጠው ካሟሟቁ በኋላ፣ የጦሳን ገደላማ ፊት ሳይሆን ለስለስ ያለ አፈራማ ዳገት ይምረጡና ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በፍጥነት፣ ነገር ግን ሳይጨናነቁ ይውጡ፤ ከዚያ በእግር ቀስ ብለው ይውረዱ። ስድስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ጥራቱ ሲወርድ፣ ማለትም አገጭ ወደ ላይ መውጣትና ትከሻ መወዛወዝ ሲጀምር፣ ስድስቱ ባይሞላም ማቆም ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በድግግሞሾቹ መካከል ትንፋሽ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በረመዳንም ሆነ በሌላ ጾም ወቅት ከባዱን ልምምድ ትተው ይህንን አጭሩን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አስጠግተው ቢሠሩት የተሻለ ይሆናል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቁልቁለት ላይ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ እንደሚግል ሁሉ፣ ወደ ኋላ ተጋድሞ በተረከዙ ራሱን እየገታ የሚወርድ ሯጭም የጭኑ ጡንቻ ይቃጠላል። ጡንቻው እየተለጠጠ ሸክም ስለሚይዝ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙም የሚበረታው በዕለቱ ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። መፍትሔው አካልን ከቁልቁለቱ ጋር ትንሽ ወደ ፊት ማስከተል፣ እርምጃን ማሳጠርና ማብዛት፣ ክንድንም ሚዛን ለመጠበቅ ትንሽ ከፈት ማድረግ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን አስፋልት በሙሉ መሮጥን ለጀማሪ ፈጽሞ አልመክርም፤ ጭኑን ከመጉዳቱ ባሻገር በመንገዱ ጠርዝ የከባድ መኪና መተላለፊያ ላይ መሆን በራሱ አደጋ ነው። ረጅሙንና ቀላሉን ሩጫ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ሐይቅ አካባቢ ወስዶ ደልዳላ መሬት ላይ ማድረግ እግርን ያሳርፋል።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሲለምድ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይወስድባቸዋል፤ ስለዚህ የእርምጃውን ብዛት በሚቀይሩበት ወቅት ኪሎ ሜትር አይጨምሩ፣ ጫማም አይለውጡ። ከዚህ ጎን ለጎን በደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማውረድና ማንሳት፣ እንዲሁም በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት ባትንና ዳሌን ለአዲሱ ሸክም ያዘጋጃል።

ሁለቱንም እግር እኩል የሚሰማና ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ የጡንቻ ሕመም የልምምድ ውጤት ነው። በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል የቅልጥም አጥንት ሕመም፣ በተለይም ሩጫው በቀጠለ ቁጥር የሚብስ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ወዲያው ይቁም፤ ማሸትም ሆነ ወጌሻ ጋ መሄድ ሳይቀድም ሐኪም ይየው።