ባልና ሚስት ሆኖ በእግር ወደ ደብረ ሊባኖስ፦ እንዴት እንደሚኬድ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሊባኖስ ገዳም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ለመሳለም የተነሣ ባልና ሚስት 5 ቀን ይያዝ። በ3 ቀን የሚጨርሱ ጎበዞች አሉ፤ ነገር ግን ሁለት ሰው አብሮ ደርሶ፣ በእግሩ ቆሞ ማስቀደስ ከፈለገ ጊዜውን አይሰስት።

መጀመሪያ በዓሉ ይመረጣል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ታኅሣሥ 24፣ ፍልሰተ ዐጽማቸው ግንቦት 12፣ ዕረፍታቸው ነሐሴ 24 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ግንቦት ይሻላል። 12ኛው ቀን ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ጭኮም ቅቤ ያለው በሶም እየበሉ መሄድ ይቻላል። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የገዳሙን መነኮሳት የፈጀውም በዚሁ በዓል ሰሞን ነውና ሰማዕታቱን እያሰባችሁ ትሄዳላችሁ። ታኅሣሥ በጾመ ነቢያት ላይ ይውላል፣ ሌሊቱም ውርጭ ነው። ነሐሴ የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ ጭቃ ስለሚሆን ከአስፋልቱ ዳር መውረድ አይቻልም።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ለመቁረብ ካሰባችሁ ቢያንስ 3 ቀን ቀደም ብሎ ከሩካቤ መታቀብ፣ ከመቁረብ በፊትም 18 ሰዓት መጾም አለ። የመጨረሻውን ቀን መንገድ ከዚህ ጾም ጋር ማጋጨት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሃ ሳይጠጡ ሲጓዙ መውደቅ ይመጣል። ስለዚህ ከቅዳሴው 1 ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ሚስት የወር አበባዋን አስልታ ትነሣ፤ በዚያ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ ጠበልም አይጠጣም። የመንገዱንም ሰላም በዚያው ሳምንት አጣሩ፤ ሁለት ሰው ብቻ ከመሆን በማኅበር ከሚሄዱ ጋር መቀላቀል ይመረጣል።

መንገዱ ቀላል ነው፦ ከሽሮ ሜዳ በእንጦጦ አቋርጦ ሱሉልታ፣ ቀጥሎ ጫንጮ፣ ዱበር፣ ሙከ ጡሪ፣ ከዚያ በደብረ ጽጌ አልፎ ወደ ገዳሙ መገንጠያ። በየከተማው አንድ አንድ ሌሊት ማደር ነው። አስፋልቱ የጎጃም መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ይበዛበታል። በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታያችሁ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆናችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን እያወሩ መሄድ ደስ ቢልም ለሜዳው መንገድ ይቆይ። ከመሸ በኋላ አትጓዙ።

ብዙ ባልና ሚስት የሚቸገሩት በርምጃ ነው። ፈጣኑ ከፊት ይቀድማል፣ ዘገምተኛው ለመድረስ ይሮጣል፣ ፈጣኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲደርስበት ደግሞ ያረፈው ይነሣል፣ የደከመው ሳያርፍ ይቀጥላል። በሁለተኛው ቀን አንዱ ያነክሳል። መፍትሔው ዘገምተኛውን ሁልጊዜ ከፊት ማድረግ ነው። ዳገት ላይ ሳያለከልክ ማውራት ካቃተው ርምጃው ፈጥኗል። በየ50 ደቂቃው ለሁለታችሁም እኩል 10 ደቂቃ ዕረፍት ይሁን። ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ ዐሥረኛ አይበልጥ፤ ለዘገምተኛው ከዚያም ይቀነስለት።

በዕረፍቱ ጫማና ካልሲ ይወልቃል። ይህን የሚዘል ሰው እግሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ምክንያቱም ውሃ የሚቋጥረው ላብ ያራሰው ቆዳ ከካልሲ ጋር ሲፋተግ ነው። ተረከዝንና የጣቶችን ጎን በእጃችሁ ዳብሱ። የሚሞቅ፣ የቀላ ቦታ ካለ ገና ውሃ ሳይቋጥር አድርቁና ፕላስተር ለጥፉ። ፕላስተሩ ከቀላው ቦታ በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኖቹ በመቀስ ክብ ተደርገው ይቆረጡ፤ አለዚያ ጠርዙ ይገለበጥና እሱ ራሱ ይፍቃል። አንዲት የታጠፈች ቦታ ካለችው አንሥታችሁ እንደገና ለጥፉት። ቫዝሊን የተቀባ ቆዳ ላይ ፕላስተር አይይዝምና ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ውሃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ አትንኩት። ትልቅ ሆኖ ካላስረገጠ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ ወጋ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ቆዳውን ግን አትላጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ቢያንስ ለ1 ወር ያደረጋችሁትና ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚተርፍ ይሁን፤ እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ለምሽት ነጠላ ጫማ ያዙ።

ስንቅ ለሁለት ሰው 2 ኪሎ በሶ፣ 1 ኪሎ ቆሎ፣ 1 ኪሎ ዳቦ ቆሎ ይበቃል፤ ምሳና እራት ከከተማ ይገኛል። ውሃ ለእያንዳንዱ በቀን 3 ሊትር፤ የወንዝ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። ዱላ አትርሱ፤ በየመንደሩ ውሻ አለ፣ ለቁልቁለትም ይረዳል።

ሲጫኑ ከብዙዎች የሚረሳ ነገር አለ። በገዳም ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚያድሩት። አንድ ጋቢ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ የገንዘብ ቦርሳ ይዘው የመጡ ባልና ሚስት በር ላይ ይቸገራሉ። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ጋቢ፣ ባትሪ፣ ብርና ስንቅ በየራሳችሁ ቦርሳ ያዙ፤ ጠዋት የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓትም ሳትለያዩ በፊት ተነጋገሩ።

ከመገንጠያው ወደ ገዳሙ መንገዱ ቁልቁል ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ጣቶቻችሁ የጫማውን አፍንጫ እንዳይመቱ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት በኩል አጥብቁ። የእግር ጥፍርም ከቤት ሳትወጡ ይቆረጥ። ገደሉ ዳር ዝንጀሮ ስላለ ስንቅ በእጅ አትያዙ። ወደ ጻድቁ ዋሻና ጠበል የሚወጣው ዳገት ለማግስቱ ይቆይ፣ በደከመ ጉልበት አይሞከርም።

መልሱን በመኪና አድርጉት። ወደ መገንጠያው የሚያወጣ መኪና ካጣችሁ ለዳገቱ 1 ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ከፍቼ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት መኪኖች በዚያ ያልፋሉ፣ በበዓሉ ማግስት ግን ሞልተው ስለሚመጡ በጠዋት ውጡ።