ከፕሮፎርማ እስከ ሞጆ፦ ዕቃ በኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት እንዴት ይገባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አስመጪ የሚታወቀው በብብቱ በያዘው አቃፊ ነበር። በአቃፊው ውስጥ ያው ኢንቮይስ በስድስት ቅጂ ይቀመጣል፤ አንዱ ለባንክ፣ አንዱ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ አንዱ ለመድን ድርጅት፣ የተረፈው ለጉምሩክ። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ነህ? ምን ታስገባለህ? ከየት? በስንት? መልሱም አንድ ነው፤ ግን በየደረሱበት እንደ አዲስ ይጻፋል፣ እንደ አዲስ ማኅተም ይመታበታል። ፈራሚው ስብሰባ ከገቡ ደግሞ ነገ ተመለስ ነው።

ነጠላ መስኮት የሚባለው አሠራር ይህን ምልልስ ለማስቀረት የመጣ ነው። አስመጪው መረጃውን አንድ ጊዜ ያስገባል፤ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ከዚያው ላይ አይተው ይወስናሉ። ሲንጋፖር ትሬድኔት ብላ በ1989 እ.ኤ.አ. ጀመረችው፤ ጎረቤታችን ኬንያም በ2014 እ.ኤ.አ. የራሷን በይፋ ከፈተች። በእኛ አገር የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኮምፒውተር የተላከ ሰነድ በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው መሠረት ጣለ።

ብዙ ጀማሪዎች ግን አንድ ነገር ይስታሉ። ቀድሞ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ይጀመር የነበረው ሩጫ አሁን መርከቡ ሳይጫን ማለቅ አለበት። መስኮቱ የሚጠቅመው አስቀድሞ ለተሰናዳ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል በአንድ ዕቃ እንየው። የሕክምና መገልገያ የማስመጣት ፈቃድ ያወጡ አዲስ ነጋዴ ነዎት እንበል፤ የመጀመሪያ ዕቃዎ ደግሞ ከቻይና የሚመጣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ነው።

1. ስምዎን ያስተካክሉ

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባና የባንክ ሒሳብ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም ጭምር። የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መገኘቱ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው። ከዚያ በነጠላ መስኮቱ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበው የራስዎን መግቢያ ይክፈቱ።

አብዛኛው አስመጪ ሥራውን በትራንዚተር ያስፈጽማል፤ ሕጉ የጉምሩክ አስተላላፊ የሚለው ባለሙያ ማለት ነው። ወክለው ያሠሩት እንጂ የይለፍ ቃልዎን ሰጥተው አይተኙ። በስምዎ የገባው ሁሉ የሚጠየቀው ከእርስዎ ነው።

2. የታሪፍ ቁጥሩን ይለዩ

ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በዓለም አቀፉ የአመዳደብ ሥርዓት፣ በተለምዶ ኤች ኤስ ኮድ በሚባለው፣ የራሱ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በሁሉም ተጠቃሚ አገሮች አንድ ናቸው፤ የእኛ የታሪፍ መጽሐፍ 2 ጨምሮ 8 ያደርጋቸዋል። የሚከፍሉት ቀረጥ፣ የሚያስፈልግዎት ፈቃድ፣ ነጻ የመሆን መብት ካለም እርሱ፣ ሁሉም ከዚህ ቁጥር ይመነጫል።

ወንበራችንን እንየው። በ9402.10 ሥር የጥርስ ሐኪም ወንበር ከፀጉር ቤት ወንበር ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኙታል። መሳቅ ይቻላል፤ ግን ሁለቱም የሚዞሩ፣ ወደ ኋላ የሚያስተኙ፣ ከፍ ዝቅ የሚሉ መቀመጫዎች ናቸውና ምደባው ምክንያት አለው። አሁን የላኪውን ሥዕል ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ከወንበሩ ክንድ ላይ የጥርስ መቦርቦሪያው ተገጥሟል? እንዲህ ከሆነ ዕቃው መቀመጫ መሆኑ ይቀርና ወደ 90.18፣ ወደ ሕክምና መሣሪያዎች አንቀጽ ይሻገራል። በአንድ ክንድ ምክንያት ምዕራፉ ተለወጠ።

ላኪው በኢንቮይሱ ላይ የጻፈልዎትን ቁጥር እንደ ፍንጭ ይውሰዱት እንጂ አይመኑት። ላኪው የሚጽፈው ለራሱ አገር ነው፤ ቅጣቱ የሚያርፈው ግን በእርስዎ ላይ። ከተጠራጠሩ የዕቃውን ካታሎግ አያይዘው ጉምሩክን በጽሑፍ ቅድሚያ ውሳኔ መጠየቅ ይችላሉ። በዚህ መብት የሚጠቀም ሰው ማነሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

3. ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያውጡ

ቁጥሩ ሲታወቅ ተቆጣጣሪውም ይታወቃል። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሄዳል፤ ዘርና ፀረ ተባይ ወደ ግብርናው ዘርፍ፤ ሌላውም እንደ ጠባዩ። ለወንበርዎ የላኪውን ፕሮፎርማ (ከሽያጩ በፊት የሚሰጠውን የዋጋ ማቅረቢያ)፣ የአምራቹን ሰነዶችና የዕቃውን መግለጫ በመስኮቱ በኩል አያይዘው ያመለክታሉ። መሣሪያው አስቀድሞ መመዝገብ የሚያስፈልገው ከሆነ ምዝገባው ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ፕሮፎርማ ከመጠየቅዎ በፊት ይጠይቁ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። አንድ ጊዜ የመሣሪያውን ሞዴል ወደ ማመልከቻው ስገለብጥ የመጨረሻዋን ዜሮ ኦ የምትባለው የላቲን ፊደል አድርጌ ጻፍኳት። በወረቀት ዘመን ማንም አያያትም ነበር። ፈቃዱ ወጣ፣ ዕቃው ተጫነ፣ ደረሰ፤ ኢንቮይሱና ፈቃዱ ሲነጻጸሩ ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ሆኑ። ፈቃዱ እስኪታረም አሥራ አንድ ቀን ሄደ፤ የመጋዘኑ ሒሳብ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ከዚያ ወዲህ የሞዴልና የሴሪ ቁጥር በእጄ አልጽፍም፤ ከላኪው ፋይል ላይ ገልብጬ እለጥፋለሁ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ።

4. ባንክና መድን

ፈቃዱን ይዘው ባንክዎ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። ክፍያው በኤል ሲ (ባንኩ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ ሰነድ ሲደርስ በሚከፈልበት መንገድ ወይም በቀጥታ ሐዋላ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን የብር ወጪዎን በፕሮፎርማው ቀን ዋጋ ብቻ አስልተው አይቀመጡ።

መድኑን ከአገር ውስጥ መድን ሰጪ ይግዙ፤ ከሻጩ ጋር ሲዋዋሉም መድን ያልተጨመረበትን ዋጋ ይስማሙ። ካልሆነ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

አንድ ቀይ መስመር አለ፦ የጭነት ሰነዱ ቀን ከባንክ ፈቃዱ ቀን እንዳይቀድም። ሻጩ ለማገልገል ብሎ ቶሎ ሊጭንልዎት ይችላል። ደግ ሰው ነው፤ ግን «ጫን» እስክልህ ጠብቅ ብለው በጽሑፍ ይንገሩት።

5. ጉዞው

ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በመልቲሞዳል ካስጫኑ ዕቃው በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ከላኪው ወደብ እስከ ደረቅ ወደብ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሞጆ፣ በአጓጓዡ ኃላፊነት ይመጣል። በዩኒሞዳል ከሆነ ጅቡቲ ላይ የሚያስተላልፈውን ሰውም የጭነት መኪናውንም የሚያዘጋጁት እርስዎ ነዎት። ለመጀመሪያ ዕቃ መልቲሞዳሉ ጭንቀት ይቀንሳል።

መርከቡ በባሕር ላይ ሳለ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። የንግድ ኢንቮይስ፣ የማሸጊያ ዝርዝር፣ የማጓጓዣ ሰነድና የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ረቂቃቸውን ላኪው በኢሜይል እንዲልክልዎ ያድርጉ። አራቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ክብደቱን፣ የጥቅሉን ብዛት፣ የሞዴሉን ቁጥር ያመሳክሩ። ረቂቅ ማረም በነጻ ነው፤ ኦሪጅናል ማረም ግን በገንዘብም በቀንም ያስከፍላል።

6. ዲክላራሲዮንና ቀረጥ

ፈቃዶቹ የሚወጡት በነጠላ መስኮቱ ነው፤ ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ስለ ዕቃው ለጉምሩክ የሚሰጠው መግለጫ፣ ግን የሚቀርበው ጉምሩክ ራሱ በሚሠራበት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ላይ ነው። ሁለቱ ስለሚነጋገሩ የፈቃድዎ ቁጥር ሲገባ ከተፈቀደው ዕቃና መጠን ጋር ይመሳከራል።

የቀረጡ መነሻ የዕቃው ዋጋ ከመድንና ከማጓጓዣ ጋር ተደምሮ ነው። ስሌቱ ግን እንደ ደረጃ አንዱ ባንዱ ላይ እየተቆለለ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል መነሻው 1,000,000 ብር፣ የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን ቀረጡ 100,000 ብር ይመጣል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በ1,100,000 ላይ ስለሆነ 165,000 ነው። 10 በመቶው ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ሌላ ታክስ) ደግሞ በ1,265,000 ላይ ታስቦ 126,500 ይሆናል። እስከዚህ ብቻ 391,500 ብር። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከቀረጡ ቀጥሎ ይገባና ከእርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ያሳብጠዋል፤ ቅድመ ግብርና ሌሎች ክፍያዎችም አሉ። የሕክምና መሣሪያ ከአንዳንዶቹ ነጻ ሊሆን ስለሚችል የወንበርዎን ቁጥር በታሪፉ ላይ መስመር በመስመር ይዩት። ይህን ስሌት ፕሮፎርማው በእጅዎ በገባ ቀን መሥራት ነበረብዎት፤ ብዙ ሰው ግን ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው የሚደነግጠው።

ጉምሩክ ያቀረቡትን ዋጋ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከፍ ቢያደርግብዎት የክፍያ ማስረጃዎን ከባንክ ይዘው አቤቱታ ያቅርቡ፤ ካልተስማሙ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን መሄድም ይቻላል። ሁሉም የጊዜ ገደብ ስላለው ቀን ይቁጠሩ።

7. ቀለሙ

ዲክላራሲዮኑ ሲገባ ሥርዓቱ ሥጋቱን መዝኖ ቀለም ይሰጠዋል። አረንጓዴ ያለ ፍተሻ ያልፋል፤ ቢጫ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ዕቃው ይታያል። አዲስ አስመጪ ታሪክ ስለሌለው ቀይ ቢወጣበት ሊከፋው አይገባም። በፍተሻው ዕለት እርስዎ ወይም ትራንዚተሩ ተገኝታችሁ የኮንቴይነሩ መዝጊያ ማኅተም (ሲል) ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ማኅተሙ ከመቆረጡ በፊትም ፎቶ አንሡ። ካታሎጉም በእጅ ይኑር፤ ፈታሹ የጥርስ ሐኪም ስላልሆነ ያቺ ክንድ ምን እንደምትሠራ በሥዕል ቢያይ ይቀለዋል።

መንገዱ ሁሉ ኮምፒውተር ነው ማለት ግን አይደለም። ኔትወርክ ይቋረጣል፤ በመስኮቱ የጸደቀውን ፈቃድ «አትመህ አምጣው» የሚል ጠረጴዛም ያጋጥማል። ይህ ዓላማውን የሚያፈርስ ልማድ ነው፤ ሆኖም ሁለት ቅጂ ቦርሳዎ ውስጥ ቢኖር ከመከራከር ይሻላል።

8. ከወጣ በኋላ

መልቀቂያው ሲደርስዎ የወደብና የመጋዘን ሒሳቡን ከፍለው ዕቃውን ይጭናሉ። ሰነዶቹን ግን አይጣሉ፤ ጉምሩክ ዕቃው ከወጣ በኋላም ኦዲት የማድረግ ሥልጣን አለው። ወንበሩ ክሊኒክ ገብቶ የመጀመሪያውን ታካሚ ካስተኛ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ክፍያው ሊጠየቁ ይችላሉ።

ባዶውን ኮንቴይነርም በቀኑ ይመልሱ። ዕቃው ከወረደ በኋላ ግቢ ውስጥ የቆመ ባዶ ሣጥን ለማንም ሥጋት አይመስልም፤ የመርከብ ድርጅቱ ግን ዲመሬጁን፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የዘገየበትን ክፍያ፣ በዶላር እየቆጠረ ነው። መያዣ ያስያዙት ገንዘብ የሚመለስልዎትም የመመለሻ ደረሰኙን ሲያሳዩ ብቻ ነው።